ቦርንቪል (ቸኮላት)

ቦርንቪል በእንግሊዙ ካድበሪ ኩባንያ ስም የሚሸጥ ጥቁር ቸኮላት ነው። ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1908 ሲሆን ስሙን ያገኘው ፋብሪካው ካለበት፣ በበርሚንግሃም ከተማ ዳር ከሚገኘው የቦርንቪል መንደር ነው። መንደሩም በአጠገቡ ከሚፈሰው ቦርን ከተባለ ጅረት ተሰየመ፤ «ቪል» በፈረንሳይኛ ከተማ ማለት ነው። ወንድማማቾቹ ሪቻርድና ጆርጅ ካድበሪ ፋብሪካቸውን ወደዚያ ያዛወሩት በ1879 ነበር።

ቸኮላቱ በወጣበት ዓመት ኩባንያው ትልቅ ነቀፌታ ደረሰበት። ካድበሪዎች ኩዌከር ከተባለው፣ ባርነትን በመቃወም ከታወቀው የክርስትና ወገን ነበሩ። ካካዎ ይገዙ የነበረው ግን በፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ከነበሩት ከሳን ቶሜና ፕሪንሲፔ ደሴቶች ጭምር ነው፤ በዚያም ከአንጎላ የተወሰዱ ሰዎች በግዳጅ ይሠሩ ነበር። ወሬው ከ1901 ጀምሮ ቢሰማም ግዢው ለዓመታት ቀጠለ። ስታንዳርድ የተባለው ጋዜጣ ይህን በ1908 ሲጽፍ ካድበሪ በስም ማጥፋት ከሰሰው። ኩባንያው ከደሴቶቹ መግዛቱን ያቆመው በ1909 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ፍርድ ቤት ረታ። የተፈረደለት ካሣ ግን አንድ ፋርዚንግ፣ ማለትም የፔኒ ሩብ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ካካዎ በብዛት ከዛሬዋ ጋና ይመጣለት ጀመር።

የካካዎ ዛፍ ሙቀትና እርጥበት ያለው ቆላ ስለሚፈልግ እንደ ደብረ ታቦር ያለ ደጋ አይስማማውም። ጥቁር ቸኮላት ሁሉ የጾም ነው ማለትም ስሕተት ነው፤ አንዳንዱ የወተት ቅባት ስለሚገባበት የማሸጊያውን ጽሑፍ ማንበብ ያሻል።

ካድበሪን በ2010 የአሜሪካው ክራፍት ገዛው፤ ዛሬ በሞንደሊዝ ሥር ነው።