በደጋ ከተሞች የአሮጌ ቀላል መኪናን ጉልበት ማሳደግ፦ ሱፐርቻርጀር ወይስ ቱርቦቻርጀር?

መግቢያ

በሺንሺቾ የሚኖሩት አጎቴ ባለ 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያላት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ አለቻቸው። መኪናዋ አምስት ሰው ጭና ዳገት ስትወጣ ትደክማለች፤ በሁለተኛ ማርሽ ሊታለፍ የሚገባውን መንገድ በአንደኛ ትወጣዋለች። አንድ ጋራዥ የአራቱን ሲሊንደሮች የእመቃ ግፊት ለክቶ እያንዳንዳቸው ወደ 10 ባር እንደሚያነቡ ካየ በኋላ፣ የፋብሪካው መጠን 13 ባር ስለሆነ ሞተሩ ተበልቷል፣ ይውረድ ሲል ፈረደ። አንድ ወዳጃቸው ደግሞ ለሞተር ማውረጃ የሚወጣው ገንዘብ ቱርቦ ቢገጠምበት ይሻላል አሏቸው። ሱፐርቻርጀር የሚል ሐሳብ ያቀረበም አልጠፋም። አጎቴ ጥያቄውን ወደ እኔ አመጡት፤ ይህ ጽሑፍ የመልሱ ዝርዝር ነው።

ጥያቄው የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት ያገለግላሉ። በእነርሱ ላይ የሚደረግ ማንኛውም ለውጥ ከመግዣቸው ያልተናነሰ ጥንቃቄ ይሻል።

ከፍታው ከሞተር ላይ የሚወስደው

የቤንዚን ሞተር ጉልበት የሚወሰነው በእያንዳንዱ ዑደት በሚስበው የአየር ክብደት ነው። የሀዲያና የከምባታ ደጋማ ከተሞችን በሚመለከት 2000 ሜትርን እንደ ስሌት መነሻ እንውሰድ፤ ሆሳዕና ከዚህም ከፍ ትላለች። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት በባሕር ጠለል 101.3 ኪሎፓስካል የሆነው ግፊት በ2000 ሜትር 79.5 ብቻ ነው። የአየሩ ሙቀት በሁለቱም ቦታ እኩል ቢሆን፣ ሞተሩ የሚያገኘው አየር ከ21 በመቶ በላይ ይቀንሳል ማለት ነው። ይህ ጉድለት የመካኒክም የእርጅናም ጥፋት አይደለም።

በአየር ማስገደጃና በከፍታ መካከል ያለው ግንኙነት የቆየ ነው። ስዊሳዊው አልፍሬድ ቡኪ የቱርቦቻርጀርን ሐሳብ በ1905 እ.ኤ.አ. በፓተንት አስመዘገበ። በ1918 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ቱርቦ የተገጠመለትን የአውሮፕላን ሞተር ከ4200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ አውጥቶ ፈተነው። የሙከራው ዓላማ ቀጭን አየር የነጠቀውን ጉልበት መመለስ ነበር። የእኛም ጥያቄ በመሠረቱ ይኸው ነው።

የሁለቱ መሣሪያዎች ልዩነት

ሱፐርቻርጀር ኃይሉን ከሞተሩ ክራንክ ዘንግ በቀበቶ ይወስዳል። ከሞተሩ ጋር እኩል ስለሚዞር ነዳጅ እንደተረገጠ ወዲያውኑ ይመልሳል፤ ዋጋውን ግን ከራሱ ከሞተሩ ጉልበት ይቀበላል። ቱርቦቻርጀር በበኩሉ ወደ ጭስ ማውጫው በሚሄደው ጋዝ ተርባይን አዙሮ፣ በአንድ ዘንግ የተያያዘውን ኮምፕረሰር ያንቀሳቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚባክነውን ኃይል ስለሚጠቀም ቁጠባ አለው፤ ሆኖም በጋዙ መውጫ ላይ ተቃራኒ ግፊት ይፈጥራል፤ ተርባይኑ ፍጥነት እስኪያገኝም መዘግየት አለ።

ቶዮታ ራሱ በአነስተኛ ሞተሮቹ ሁለቱንም መንገዶች ሞክሯል። በ1986 እ.ኤ.አ. የቀረበው ባለ 1.6 ሊትሩ 4ኤ-ጂዜድኢ ሱፐርቻርጀር ነበረው፤ የስታርሌት ጂቲ ቱርቦ ባለ 1.3 ሊትር ሞተር 4ኢ-ኤፍቲኢ ደግሞ በቱርቦ 135 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ፋብሪካው ሱፐርቻርጀሩን በነባሩ ሞተር ላይ እንዲሁ አለመጫኑ ነው። የመጨመቅ ንጥጥሩን በቀድሞው 4ኤ-ጂኢ ከነበረው 9.4 ወደ 8.0 ዝቅ አድርጎታል።

ከፍታ ሁለቱን እኩል አይነካቸውም

በባሕር ጠለል ሁለቱም 50 ኪሎፓስካል ተጨማሪ ግፊት እንዲሰጡ ተደርገው ተስተካክለዋል እንበል፤ የግፊት ንጥጥራቸው 1.5 ያህል ነው። መኪናዋን ወደ 2000 ሜትር ስናወጣት የሱፐርቻርጀሩ ንጥጥር አይለወጥም፤ የፑሊው መጠን ወስኖታልና። ስለዚህ ወደ ሞተሩ የሚደርሰው ፍጹም ግፊት 1.5 ጊዜ 79.5፣ ማለትም 119 ኪሎፓስካል ይሆናል። ሱፐርቻርጀር የተገጠመለት ሞተር ካልተገጠመለት ሞተር ጋር እኩል በመቶኛ በከፍታ ይጎዳል ማለት ነው።

የቱርቦው ዌስትጌት ግን የሚከፈተው በውስጥና በውጭ ግፊት መካከል ያለው ልዩነት የስፕሪንጉን ጉልበት ሲያሸንፍ ነው። ልዩነቱ እንደ ቀድሞው 50 ስለሆነ ፍጹም ግፊቱ 129.5 ኪሎፓስካል ይደርሳል። ንጥጥሩ ወደ 1.63 አድጓል፤ ቱርቦው ሳይነካ ከጉድለቱ ከፊሉን በራሱ አካክሷል።

ማመቅ አየሩን ያሞቃል፤ የሞቀ አየር ደግሞ ይሳሳል። የውጭው ሙቀት 20 ዲግሪ፣ የሩትስ ዓይነት ሱፐርቻርጀር ቅልጥፍና 55 በመቶ፣ የቱርቦው ደግሞ 70 በመቶ ነው ብለን ብናሰላ፣ የሁለቱም አየር ከ80 ዲግሪ አልፎ ይወጣል። ማቀዝቀዣ ኢንተርኩለር ሳይኖር የሚገኘው የአየር እፍጋት ከባሕር ጠለል አየር ጋር ሲነጻጸር በሱፐርቻርጀር 96 በመቶ፣ በቱርቦ 105 በመቶ ያህል ነው፤ ያለ ሁለቱም 78.5 በመቶ ብቻ ነበር። በተጨማሪም ሱፐርቻርጀሩ በደቂቃ 6000 ዙር ላይ አየሩን ለማመቅ ብቻ ከሞተሩ 5.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። በዚህ ስሌት ቱርቦ ይበልጣል።

ይሁንና የቱርቦው ብልጫ ያለ ዋጋ አይመጣም። በቀጭን አየር ከፍ ያለ ንጥጥር ለመስጠት ቱርቦው የበለጠ መፍጠን አለበት፤ ትናንሽ ቱርቦዎች በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ስለሚዞሩ የፍጥነት ገደባቸውን ማለፍ አያስቸግራቸውም። በተጨማሪም በከፍታ የጭሱ መጠን ስለሚያንስ ቱርቦው የሚነቃበት የሞተር ዙር ከፍ ይላል። በገበያ ቀን በሕዝብ መካከል ዝግ ብሎ የሚሄድ፣ ቆሞም ከዳገት ላይ የሚነሳ ሹፌር ጉልበት የሚፈልገው በዝቅተኛ ዙር ነው፤ በዚያ ቦታ ሱፐርቻርጀር የተሻለ ነው። ከሆሳዕና አዲስ አበባ ለሚመላለስ ግን የቱርቦው ጠባይ ይስማማል።

የሞተሩ ዕድሜና የአካባቢው አቅም

የኮሮላው 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር የመጨመቅ ንጥጥር 9.5 ነው፤ ይህም ለአየር ማስገደጃ የታሰበ አይደለም። ግፊቱና ሙቀቱ ሲጨምሩ ነዳጁ ያለጊዜው ይፈነዳል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ፒስተን ይበሳል። የነዳጅ መርጫው ለተጨመረው አየር የሚመጥን ቤንዚን ካላደረሰ ጉዳቱ ይፋጠናል። ስለዚህ የነዳጅና የእሳት መቆጣጠሪያውን ያላካተተ ገጠማ ከጅምሩ ጎዶሎ ነው።

በጥገና በኩል ሚዛኑ ወደ ቱርቦ ያጋድላል። የናፍጣ አይሱዙዎችና ቅጥቅጥ አውቶቡሶች ቱርቦን ለአካባቢያችን መካኒኮች አስተዋውቀዋል፤ የዘይት መስመሩንና የዘንጉን ክፍተት መመርመር ያውቃሉ። ሱፐርቻርጀር ግን እንግዳ ነው። በሌላ በኩል ቱርቦ ንጹሕና በጊዜው የሚለወጥ ዘይት፣ ከረጅም ዳገት በኋላም ሞተሩን ከማጥፋት በፊት ጥቂት ደቂቃ ማብረድ ይጠይቃል።

መደምደሚያ

ምርጫው የግድ ከሆነ፣ በደጋ ለሚኖርና ረጅም መንገድ ለሚጓዝ ባለመኪና አነስተኛ ቱርቦ ከኢንተርኩለር ጋር ይመረጣል፤ ግቡ ግን ውድድር ሳይሆን ማካካስ ይሁን። በ2000 ሜትር የባሕር ጠለልን ግፊት ለመመለስ 22 ኪሎፓስካል፣ ማለትም 0.22 ባር፣ ብቻ ይበቃል። ከዚህ በላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ኪሎፓስካል ሞተሩ ያልተሠራበት ጫና ነው። መኪናዋ ወደ ቆላ ስትወርድም የውጭው ግፊት እንደሚጨምር አይዘንጋ።

ከምርጫው በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይቀድማል፦ ሞተሩ በእርግጥ ታሟል? የእመቃ መለኪያ ንባብም እንደ ውጭው ግፊት ይወርዳል። በባሕር ጠለል 13 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር በ2000 ሜትር 10.2 ባር ገደማ ያሳያል። የአጎቴ መኪና በአራቱም ሲሊንደሮች ወደ 10 ባር ማንበቧ የጤና ምልክት እንጂ የመበላት ማስረጃ አልነበረም። በሲሊንደሮች መካከል ሰፊ ልዩነት ቢታይ ኖሮ ፍርዱ ሌላ ይሆን ነበር። ይህ ስሕተት ብዙ ጤነኛ ሞተሮችን ያለጊዜያቸው ሊያስፈታ ስለሚችል፣ ጋራዦች የፋብሪካውን መጠን በከፍታው አባዝተው እንዲያነቡ ማስተማር ከየትኛውም ገጠማ የረከሰና የሚቀድም ሥራ ነው።

የአጎቴ ሞተር አልወረደም፤ ቱርቦም አልተገጠመበትም። የታፈነው የአየር ማጣሪያ ተለወጠ፤ ወደኋላ የቀረው የእሳት ሰዓት ተስተካከለ። ከባሕር ጠለል አየር የጎደለው 21 በመቶ አሁንም እንደጎደለ ነው፤ ዳገቱን ግን በሁለተኛ ማርሽ ትወጣዋለች።