ለሕፃኑ የሚደክሙትን የሚያገናኝ ሰው

አንድ ሕፃን ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶት ስሙ ሲጠራ ዘወር የማይል፣ አንድም ቃል ከአፉ ያልወጣ ከሆነ የብዙ ባለሙያ ዓይን ያስፈልገዋል። ጆሮው መመርመር አለበት፤ አነጋገሩን የንግግር ቴራፒስት፣ አጨዋወቱንና የእጁን እንቅስቃሴ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት፣ ጠቅላላ ጤናውን የሕፃናት ሐኪም ሊያዩት ይገባል። ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ጥያቄ ከኢንሹራንስ፣ «ሜዲኬይድ» ከሚባለው የመንግሥት የጤና መድንና ከግዛቱ በጀት ጋር ያገናኘዋል። ሦስት ዓመት ሲሞላው ደግሞ የትምህርት ዲስትሪክቱ ይረከበዋል። አሜሪካ ውስጥ እነዚህ ሁሉ አሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱ ቢሮ፣ የራሱ ቅጽና የራሱ ቀጠሮ አለው። ሕጉ ይህን ክፍተት እንዲሞላ ያቆመው ሰው «ሰርቪስ ኮኦርዲኔተር»፣ ማለትም የአገልግሎት አስተባባሪ ይባላል። ሕፃኑን አያክምም፣ አያስተምርም፤ ስለዚህ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ ትርፍ መስሎ የሚታየው የእሱ ሥራ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን ተቃራኒው ነው፤ አስተባባሪው ከሥርዓቱ ቢወጣ የቀሩት አገልግሎቶች በወረቀት ላይ ይኖራሉ እንጂ ለሕፃኑ አይደርሱም። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ቤተሰብ ደግሞ ይህ በእጥፍ እውነት ነው።

ሥርዓቱ እንዴት እንደተወለደ ማወቅ ለዚህ ክርክር ይጠቅማል። እስከ 1970ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብዙ ግዛቶች አካል ጉዳተኛ ልጆችን ከትምህርት ቤት ደጃፍ ይመልሱ ነበር። በ1972 በፔንሲልቬንያና በዋሽንግተን ዲሲ የተሰጡ ሁለት የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ይህን አሠራር ሰበሩት፤ የዲሲው ውሳኔ የበጀት እጥረት ልጅን ከትምህርት ለማስቀረት ምክንያት አይሆንም አለ። ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ኖቬምበር 29 ቀን 1975 የፈረሙት ሕግ መብቱን በመላ አገሪቱ አጸና፤ ሕጉ ግን ያተኮረው ዕድሜው ለትምህርት ቤት በደረሰ ልጅ ላይ ነበር። ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ያሉት ዓመታት የታሰቡት በ1986 በወጣው ማሻሻያ ነው። ማሻሻያው ከልደት እስከ ሦስተኛ ዓመት ላሉት አዲስ መርሐ ግብር አቋቋመ፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ላሉትም የልዩ ፍላጎት ትምህርቱን አጠናከረ። የሕፃናቱ ክፍል ከ1997 ወዲህ «ፓርት ሲ»፣ የትምህርት ቤቱ ክፍል «ፓርት ቢ» ይባላሉ። የ1986ቱ ሕግ አውጪዎች ለሕፃናት የሚሆን አገልግሎት ጨርሶ የለም ብለው አልተነሡም። ያዩት ችግር ያለው ሁሉ በጤና፣ በማኅበራዊ ጉዳይና በትምህርት መሥሪያ ቤቶች ተበታትኖ መገኘቱ ነበር። ስለዚህ ከየግዛቱ የጠየቁት የተቀናጀ ሥርዓት ነው፤ አገረ ገዥው አንድ መሪ መሥሪያ ቤት እንዲሰይም፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብም አንድ አስተባባሪ እንዲመደብ አዘዙ። መሪው መሥሪያ ቤት ከግዛት ግዛት ይለያያል። በሜሪላንድ የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ነው፤ በቨርጂኒያ የአእምሮ ጤናና የዕድገት አገልግሎቶች መሥሪያ ቤት፤ በዋሽንግተን ስቴት ደግሞ የሕፃናት፣ የወጣቶችና የቤተሰብ መሥሪያ ቤት ነው።

አሠራሩ ሲታይ በሩ ሰፊ ነው። ሐኪም፣ የመዋዕለ ሕፃናት ሠራተኛ ወይም ራሱ ወላጅ ስልክ ደውሎ ሕፃኑን ማስመዝገብ ይችላል፤ ወላጅ ለመደወል የሐኪም ወረቀት አያስፈልገውም። ጥቆማው ከደረሰ ጀምሮ በ45 ቀናት ውስጥ አስተባባሪ መመደብ፣ ሕፃኑ መመዘንና የመጀመሪያው የዕቅድ ስብሰባ መካሄድ አለበት። ምዘናው አምስት ዘርፎችን ያያል፤ አስተሳሰብን፣ ማየትና መስማትን ጨምሮ አካላዊ ዕድገትን፣ ተግባቦትን፣ ማኅበራዊና ስሜታዊ ዕድገትን፣ እንደ መብላትና መልበስ ያለውን ራስን የመርዳት ችሎታን። ብቁ ሆኖ ከተገኘ የሚጻፈው ሰነድ የቤተሰብ አገልግሎት ዕቅድ ይባላል። በዕቅዱ ውስጥ የሕፃኑ ሁኔታ ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ የሚያሳስበውና የሚመኘው ጭምር ይሰፍራል፤ የአስተባባሪው ማንነት እንዲሰፍርም ሕጉ ያስገድዳል። አገልግሎቱ በተቻለ መጠን ሕፃኑ በሚውልበት ቦታ፣ በቤቱ ወይም በመዋዕለ ሕፃናቱ ይሰጣል። ዕቅዱ በየስድስት ወሩ ይከለሳል፣ በየዓመቱ እንደገና ይገመገማል። ለምዘናውና ለማስተባበሩ ቤተሰቡ ምንም አይከፍልም፤ ለሌሎቹ አገልግሎቶች አንዳንድ ግዛቶች እንደ ገቢው መጠን ያስከፍላሉ። ያለ ወላጅ ፈቃድ የሚጀመር ነገር የለም፤ ወላጅ አንዱን አገልግሎት ተቀብሎ ሌላውን መተው ይችላል። በዚህ መንገድ በአሁኑ ጊዜ ከ400,000 በላይ ሕፃናት ይገለገላሉ።

የአስተባባሪው የዕለት ሥራ በአመዛኙ ስልክ፣ ደብዳቤና ክትትል ነው። ምዘናውን ያዘጋጃል፣ ስብሰባውን ይጠራል፣ ኢንሹራንሱ ያልሸፈነውን ማን እንደሚሸፍን ያጣራል። የንግግር ቴራፒስቷ ብትለቅ ምትክ ይፈልጋል፤ ወላጅ በውሳኔ ካልተስማማ በየት በኩል መቃወም እንደሚችል ያሳውቃል። ግዛቶች ይህን ሥራ በሁለት መንገድ ያደራጁታል። አንዳንዶቹ ማስተባበር ብቻ ሥራው የሆነ ሰው ይቀጥራሉ። ሌሎቹ ከቴራፒስቶቹ አንዷ ሁለቱንም ደርባ እንድትሠራ ያደርጋሉ። የመጀመሪያው መንገድ ለወላጅ ከአገልግሎት ሰጪው ነፃ የሆነ ተሟጋች ይሰጠዋል፤ ሁለተኛው ሕፃኑን በየሳምንቱ የምታይና በቅርብ የምታውቅ ሰው ይሰጠዋል። የትኛውም ቢመረጥ ዋናው ነገር አንድ ነው፤ አንድ ሥራ ሳይሠራ ሲቀር «የማን ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሆን ሰው በስም መታወቁ።

የዚህ ጥቅም በግልጽ የሚታየው በመስማት ችግር ላይ ነው። በ1998 ተመራማሪዋ ክሪስቲን ዮሺናጋ-ኢታኖና ባልደረቦቿ በኮሎራዶ የመስማት ችግር ያለባቸውን 150 ልጆች አነጻጽረው ነበር። ችግራቸው ስድስት ወር ሳይሞላቸው የታወቀው 72 ልጆች፣ ዘግይቶ ከታወቀው 78 ልጆች ይልቅ በቋንቋ ችሎታ ርቀው ተገኙ። በአሜሪካ ዛሬ የሚሠራበት የጊዜ ሰሌዳም ይህንኑ ይከተላል፤ ሕፃኑ አንድ ወር ሳይሞላው ጆሮው ይፈተሻል፣ በሦስት ወሩ ምርመራው ይጠናቀቃል፣ በስድስት ወሩ ድጋፍ ይጀምራል። ይህ ሰሌዳ ሦስት የተለያዩ በሮችን ያልፋል። ፍተሻው በማዋለጃ ሆስፒታል፣ ምርመራው በመስማት ክሊኒክ፣ ድጋፉ በግዛቱ የሕፃናት መርሐ ግብር ይደረጋል። በዘርፉ የሚሠሩ ሰዎች ከሁሉ የሚቸገሩበትም በበሮቹ መካከል ነው፤ የመጀመሪያውን ፍተሻ ያላለፈ ሕፃን ለቀጣዩ ሳይቀርብ ይጠፋል። የሆስፒታሉ መሣሪያ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፣ የክሊኒኩ ባለሙያም በቢሮዋ አለች፤ ለእናቲቱ ደውሎ ቀጠሮ የሚይዝላት ግን ጠፍቷል። ለዚህ ሕፃን የምርመራው ጥራት ምንም አልጠቀመውም።

በዚህ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ለአስተባባሪ የሚከፈለው ደመወዝ ለተጨማሪ የቴራፒ ሰዓት ቢውል አይሻልም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ያለው ድጋፉ በሚሠራበት መንገድ ላይ ነው። ቴራፒስት ከሕፃኑ ጋር የምትቆየው ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ የቀረውን ሳምንት ሕፃኑ የሚያሳልፈው ከወላጆቹ፣ ከአያቱና ከሞግዚቱ ጋር ነው። ቴራፒው ፍሬ የሚሰጠው በማጠቢያው፣ በምግቡና በጨዋታው ሰዓት ቤተሰቡ ሲደግመው ነው። ሦስት ባለሙያዎች ሦስት የማይጣጣም የቤት ሥራ ከሰጡ፣ ቀጠሯቸውም እናት በሰዓት በምትከፈልበት ሥራ ላይ ከወደቀ፣ የተጨመረው የቴራፒ ሰዓት ይባክናል። አስተባባሪው ያንን ብክነት የሚከላከል ወጪ ነው። ይሁን እንጂ ተቃውሞው አንድ እውነት ይዟል። ከአቅሙ በላይ ቤተሰብ የተጫነበት አስተባባሪ በቅጽ ላይ የተጻፈ ስም ብቻ ይሆናል። የፌዴራሉ መንግሥትም ለልዩ ፍላጎት ትምህርት ተጨማሪ ወጪ እስከ 40 በመቶ ድረስ እንደሚያግዝ በ1975 ያስቀመጠውን ግብ አንድም ጊዜ አልደረሰበትም፤ በቅርብ ዓመታት የሸፈነው ከ15 በመቶ በታች ነው። እጥረቱን የሚሸከሙት ግዛቶችና አውራጃዎች ናቸው። ከዚህ የሚከተለው ግን አስተባባሪውን መቀነስ ሳይሆን የተሸከመውን የቤተሰብ ቁጥር መቀነስ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቤታችን የሚወጣ ነው። «ልጅ በጊዜው ይናገራል፤ አባቱም የተናገረው ዘግይቶ ነው።» ዘግይተው ተናግረው ከእኩዮቻቸው የሚደርሱ ልጆች በርግጥ ብዙ ናቸው። ችግሩ በዓመት ከመንፈቁ የትኛው ልጅ እንደሚደርስ፣ የትኛው እንደማይደርስ በዓይን መለየት አለመቻሉ ነው። ምዘናው ሕፃኑን አያሳምመውም፣ ወላጅን አያስከፍልም፤ «ደህና ነው» የሚል ውጤት ቢመጣም ትልቅ ዕረፍት ነው። መጠበቅ ግን ዋጋ አለው፤ የሕፃናቱ መርሐ ግብር አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ልደት ይዘጋል፣ የባከኑት ወራትም አይመለሱም። «ልጄ ላይ ስም ይለጠፍበታል» የሚለው ስጋትም አለ። በፓርት ሲ ግን ሕፃኑ ለመገልገል የበሽታ ስም አያስፈልገውም፤ ዕድገቱ ግዛቱ ባስቀመጠው ልክ መዘግየቱ ይበቃል። መዝገቡም በሕግ የተጠበቀ ምስጢር ነው።

ሦስተኛው ልደት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ኃላፊነቱ ወደ ትምህርት ዲስትሪክቱ ያልፋል፤ የቤተሰቡ ዕቅድ ቀርቶ «አይ ኢ ፒ» የሚባለው የልጁ የትምህርት ዕቅድ ይተካል። የብቁነት መስፈርቱም ይለወጣል፤ ትናንት ሲገለገል የነበረ ልጅ ዛሬ አይመለከትህም ሊባል ይችላል። ለዚህ ነው ሕጉ የሽግግሩ ዕቅድ ከልደቱ ቢያንስ 90 ቀን አስቀድሞ እንዲዘጋጅ የሚያዘው፤ ብቁ ለሆነ ልጅም አዲሱ ዕቅድ በልደቱ ቀን ዝግጁ መሆን አለበት። ግዛቶች ሽግግሩን ለማለዘብ የየራሳቸውን መንገድ ፈልገዋል። ሜሪላንድ ብቁ የሆነ ልጅ ያላቸው ወላጆች ከፈለጉ ልጁ አራት ዓመት ሞልቶት ቀጣዩ የትምህርት ዘመን እስኪጀመር በቤተሰብ ዕቅዱ እንዲቆዩ ትፈቅዳለች፤ በቨርጂኒያ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ልጁን ከሁለት ዓመቱ ጀምሮ ሊቀበል ይችላል። አንድ ጉድለት ግን በየትም ይቀራል። ፓርት ቢ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አስተባባሪ እንዲመደብ አያስገድድም። ስብሰባ የመጥራቱ፣ ሰነድ የመሰብሰቡ፣ ያልተሰጠውን አገልግሎት የመከታተሉ ሥራ ከዚያ ቀን ጀምሮ በወላጅ ትከሻ ላይ ይወድቃል። እንግሊዝኛ የሚችልና ጊዜ ያለው ወላጅ ይወጣዋል፤ ሌሊት የሚሠራው፣ ደብዳቤው የማይገባው ይሸነፋል። በሁለቱ ወላጆች ልጆች መካከል የሚፈጠረው ልዩነት እንግዲህ ከሕመማቸው የመጣ አይደለም።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሚኒሶታና በሲያትል ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ጉዳዩ ከቋንቋ ይጀምራል። በቤቱ አማርኛ ብቻ የሚሰማ ሕፃን በእንግሊዝኛ ቢመዘን ጤነኛው የዘገየ ይመስላል፤ በእውነት የዘገየው ደግሞ «ሁለት ቋንቋ አደናግሮት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ሁለት ቋንቋ መስማት የዕድገት መዘግየት እንደማያመጣ በምርምር ታውቋል። ስለዚህ አማርኛውን ተዉ የሚል ምክር ወላጅ ከልጁ ጋር አብዝቶ የሚያወራበትን ቋንቋ ከመቀማት በቀር ጥቅም የለውም። ሕጉ በተቻለ መጠን ምዘናው ሕፃኑ በሚሰማው ቋንቋ እንዲካሄድ፣ ማስታወቂያዎችም ወላጅ በሚገባው ቋንቋ እንዲደርሱት ያዛል፤ በዲሲ ደግሞ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ይህን መብት በተግባር የሚያውለው አስተባባሪው ነው፤ አስተርጓሚ መጥራት የእሱ ሥራ እንጂ የታላቅ እኅት ሥራ አይደለም። ማኅበረሰቡ ጠባብ ነውና አስተርጓሚው በሰፈር ወይም በቤተ ክርስቲያን የሚያውቀው ሰው እንዳይሆን የሚሰጋ ቤተሰብ በስልክ ከሌላ ከተማ የሚያስተረጉም ሰው መጠየቅ ይችላል። ልጁን ከሰው ዓይን ሸሽጎ የሚያሳድግ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚሸሸው ሐሜትን ነው፤ ምስጢሩ እንደሚጠበቅ ካመነ በሩን ይከፍታል።

ምናልባት ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው ይባል ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 የከፈቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል የሚያሳየው ሌላ ነው። ለልጃቸው የሚሆን ቦታ ያጡት እናት ቦታውን ራሳቸው መሠረቱ። ሥርዓት በሌለበት እናት አስተባባሪም፣ አስተማሪም፣ መሥራችም ትሆናለች፤ ይህን ሁሉ መሆን የማትችለው እናት ግን ልጇን ይዛ ቤቷ ትቀራለች። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃናትን የዕድገት ችግር እንዲለዩ በኢትዮጵያ የተሰጡት ሥልጠናዎች የሚያመለክቱት፣ የማገናኘት ሥራ ውድ መሣሪያ እንደማይሻ ነው። የሚሻው ቤተሰቡን የሚያውቅና ኃላፊነቱ በስሙ የተመዘገበ ሰው ነው።

ስለዚህ በአሜሪካ የሚኖር ወላጅ ሕፃኑ ካሳሰበው በግዛቱ ወዳለው መርሐ ግብር ዛሬውኑ ይደውል፤ የደወለበትንም ቀን ይጻፍ፣ 45ቱ ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነውና። አስተባባሪዬ ማን ነው፣ አስተርጓሚ መቼ ይመጣል፣ ከሦስተኛው ልደት በኋላ ልጄን ማን ይረከበዋል ብሎም ይጠይቅ። ሕግ አውጪዎች ደግሞ በ1986 ለሕፃናቱ የተሰጠውን አስተባባሪ ቢያንስ ትምህርት ቤት እስኪገቡ ድረስ ሊያራዝሙት ይገባል። ልጁ በልደቱ ማግስት የሚያስፈልገው ድጋፍ በልደቱ ዋዜማ ከነበረው አይለይም፤ ድጋፉን የሚያገናኝለት ሰውም በአንድ ሌሊት ሊወሰድበት አይገባም።