በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የመነሻ አልጀብራ ኮርስ፦ ከተማሪው የሚጠበቀውና የደንቦቹ ክብደት

በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች «መነሻ አልጀብራ» በሚል ስያሜ የሚሰጠው ኮርስ በይዘቱ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። አንድ ተለዋዋጭ ያላቸው እኩልታዎች፣ የአሉታዊ ቁጥሮች ስሌት፣ የቀጥታ መስመር ግራፍ፣ ፖሊኖሚያሎችን ማባዛትና ወደ አባዢዎቻቸው መተንተን በኢትዮጵያም ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው ብዙ ዓመት ቀደም ብለው የሚማሯቸው ርእሶች ናቸው። እንግዳ የሚሆነው ኮርሱ የሚመራበት ደንብ ነው። ተማሪው ክፍያ ይከፍልበታል፣ ሴሚስተር ሙሉ ይማረዋል፣ ይፈተንበታል፤ ያገኘው ክሬዲት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለዲግሪው አይቆጠርለትም። ካላለፈው ደግሞ ዲግሪው ወደሚጠይቀው የሒሳብ ኮርስ አይሸጋገርም። በኢትዮጵያ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ከዋለው የሪሜዲያል መርሐ ግብር ጋር የሚያመሳስለው ጠባይ ቢኖርም፣ ልዩነቱ መሠረታዊ ነው፦ የኢትዮጵያው ተማሪ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ለመብቃት የሚማረው ሲሆን፣ የአሜሪካው ኮሌጁ ከተቀበለው በኋላ የሚያገኘው መሰናክል ነው።

ወደዚህ ኮርስ የሚያስገባው ለረጅም ዘመን የምደባ ፈተና ነበር። አዲስ ገቢው በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ አኪዩፕሌሰር ወይም ኮምፓስ የተባለውን ፈተና ይወስዳል፤ በውጤቱ መሠረትም ከቁጥር ስሌት፣ ከቅድመ አልጀብራ፣ ከመነሻ አልጀብራ ወይም ከመካከለኛ አልጀብራ ይመደባል። ብዙ ተማሪዎች የፈተናውን ክብደት ሳይረዱ ያለ ምንም ዝግጅት ይቀመጡ ነበር። ከትምህርት ዓለም ለ10 ዓመት ርቆ የቆየ ስደተኛ የክፍልፋይ አደማመር ስለ ዘነጋ ብቻ ሁለትና ሦስት ደረጃ ዝቅ ብሎ ሊመደብ ይችላል፤ ይህም የሒሳብ ችሎታውን ሳይሆን የትዝታውን ርቀት መለካት ይሆናል። የኮምፓስ አዘጋጅ የነበረው ኤሲቲ ፈተናውን እ.ኤ.አ. በ2016 ማቋረጡ የምደባ ፈተናዎች ተማሪው ወደፊት የሚያስመዘግበውን ውጤት የመተንበይ አቅማቸው ደካማ መሆኑን ያመለከተ ውሳኔ ነበር።

የደረጃዎቹ መደራረብ የሚያደርሰው ጉዳት በቀላል ስሌት ይታያል። 1000 ተማሪዎች ከዲግሪው ሒሳብ ሦስት ኮርስ በታች ተመደቡ እንበል። በእያንዳንዱ ኮርስ 75 በመቶው ቢያልፉ፣ ካለፉትም 80 በመቶው ለቀጣዩ ቢመዘገቡ፣ የመጀመሪያውን 750 ያልፋሉ፤ ሁለተኛውን 600 ይጀምሩና 450 ያልፋሉ፤ ሦስተኛውን 360 ይጀምሩና 270 ይጨርሳሉ። በየደረጃው የማለፊያው መጠን የሚያስነቅፍ ባይሆንም ከአራት ተማሪዎች ወደ ሦስት የሚጠጉት መንገድ ላይ ቀርተዋል። ቤይሊ፣ ጆንግና ቾ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት ከዚህ የተሻለ ተስፋ አልሰጠም። ወደ ማካካሻ ትምህርት ከተመደቡት መካከል የተመደቡበትን ተከታታይ ኮርስ በሙሉ የሚያጠናቅቁት ከግማሽ በታች መሆናቸውን፣ 30 በመቶ ያህሉም አንድም የማካካሻ ኮርስ ሳይጀምሩ እንደሚቀሩ አመልክቷል። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግኝት፣ ወድቀው ወይም አቋርጠው ከወጡት ይልቅ ለመጀመሪያው ወይም ለቀጣዩ ኮርስ ሳይመዘገቡ የቀሩት መብለጣቸው ነው። ስለዚህ ችግሩን «ተማሪው አልጀብራ አይገባውም» ብሎ መደምደም ማስረጃውን በግማሽ ማንበብ ነው።

ወደ ክፍሉ ሲገባ ተማሪው በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠው ሲላበስ ነው። ሲላበስ የምዕራፎች ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ ነጥብ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ የቀረ ፈተና እንዴት እንደሚታይ፣ ካልኩሌተር መቼ እንደሚፈቀድ፣ መምህሩ በቢሮው የሚገኝበት ሰዓት መቼ እንደሆነ የሚወስን ሰነድ ነው። ክርክር ሲነሳ መምህሩም የትምህርት ክፍሉም የሚመለከቱት እርሱን ነው። ብዙ ተማሪ ግን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ይከተዋል።

የነጥብ አከፋፈሉ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ አንድ ምሳሌ ያስረዳል። በአንድ ሲላበስ የቤት ሥራ 15፣ አጫጭር ፈተናዎች 15፣ ሦስት የክፍል ፈተናዎች በድምሩ 45፣ የማጠቃለያ ፈተና 25 በመቶ ይይዛሉ እንበል። በቤት ሥራ 95፣ በአጫጭር ፈተናዎች 80፣ በክፍል ፈተናዎች በአማካይ 62፣ በማጠቃለያው 58 ያመጣ ተማሪ ድምሩ 68.65 ይሆናል። ማለፊያው «ሲ»፣ ማለትም 70 በሆነበት ኮሌጅ ይህ ተማሪ ወድቋል። በሚቀጥለው ክፍል የሚያስተምረው መምህር የቤት ሥራውን 30፣ የክፍል ፈተናዎቹንም 30 በመቶ ቢያደርጋቸው ግን ያው ተማሪ በዚያው ውጤት 73.6 አግኝቶ ያልፋል። ሁለቱም አከፋፈሎች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። የቤት ሥራው በኢንተርኔት የሚሠራና ትክክለኛው መልስ እስኪገኝ ደጋግሞ መሞከርን የሚፈቅድ ከሆነ 95 ነጥብ ትጋትን እንጂ ዕውቀትን ላያሳይ ይችላል፤ በሌላ በኩል ለዓመታት ከፈተና የራቀን አዋቂ በሦስት ፈተና ብቻ መመዘን ፍርሃቱን መመዘን ይሆናል። ያም ሆነ ይህ፣ የማለፍና የመውደቅ ወሰን ከሒሳቡ ብቻ እንደማይመነጭ ግልጽ ነው፤ የትምህርት ክፍሉ የጋራ አከፋፈል ካልወሰነ ዕጣው የሚወሰነው ተማሪው በተመዘገበበት ክፍል ነው።

ከኢትዮጵያ የሄደ ተማሪን ይበልጥ የሚያስቸግረው «ሥራህን አሳይ» የሚለው መመሪያ ነው። በብሔራዊ ፈተና ከምርጫዎች አንዱን ማጥቆር የለመደ ተማሪ መልሱን በቃሉ አስልቶ አንድ ቁጥር ብቻ ጽፎ ይሰጣል፤ መልሱ ትክክል ሆኖ ሳለ ግማሽ ነጥብ ሲቀነስበት እንደ ተበደለ ይቆጥረዋል። የመመሪያው ምክንያት በሚከተለው እኩልታ ሊታይ ይችላል፦ 7 − 2(ሀ − 5) = 3። ትክክለኛው አሠራር −2ን በቅንፉ ውስጥ ባሉት ሁለቱም ቃላት ማባዛት ነው፤ 7 − 2ሀ + 10 = 3 ይሆንና ሀ = 7 ይገኛል። አንዱ ተማሪ −2ን በ−5 ሲያባዛ ምልክቱን ስቶ −10 ይጽፍና ሀ = −3 ላይ ይደርሳል። ሌላው ከማባዛት በፊት 7 − 2ን ቀንሶ 5(ሀ − 5) = 3 ይላል። ሁለቱም መልሱን ስተዋል፤ ስሕተታቸው ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው የምልክት ሕግ ብቻ ሲጎድለው፣ ሁለተኛው የስሌት ቅደም ተከተል አልገባውም። መምህሩ ይህን ለይቶ ከፊል ነጥብ መስጠትም ሆነ ማረም የሚችለው ደረጃዎቹ ከተጻፉ ብቻ ነው። መልሱን መልሶ በእኩልታው ውስጥ መተካትም የአሠራሩ አካል ነው፦ −3ን በሀ ቦታ ያስገባ ተማሪ ከ3 ይልቅ 23 ያገኛልና ስሕተቱን ከመምህሩ በፊት ራሱ ይደርስበታል።

የጊዜ ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ሳይሆን አይቀርም። የፌዴራሉ መንግሥት የክሬዲት ሰዓት ትርጓሜ ለአንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት የክፍል ትምህርትና ቢያንስ ሁለት ሰዓት የግል ጥናት ይጠብቃል። መነሻ አልጀብራው ባለ 4 ክሬዲት ከሆነ 12 ሰዓት ይፈልጋል፤ ባለ 3 ክሬዲት ሁለት ኮርሶች ሲጨመሩ የሳምንቱ ድምር 30 ይደርሳል። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ለምሳሌ በሞንትጎመሪ ኮሌጅና በሰሜን ቨርጂንያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከሚማሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ሙሉ ቀን ሠርተው ማታ የሚማሩ አሉ፤ 40 የሥራ ሰዓት ሲታከልበት 70 ይሆናል፤ ወደ አገር ቤት የሚላከውም ገንዘብ ከዚያው ሥራ የሚገኝ ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ ሲጨናነቅ በመጀመሪያ የሚተወው ክሬዲቱ የማይቆጠርለትን ኮርስ መሆኑ አያስገርምም።

መተው ግን ዋጋ አለው። የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ የሚያገኝ ተማሪ አጥጋቢ የትምህርት እድገት ማሳየት ይጠበቅበታል፤ ዲግሪው ከተመደበለት ጊዜ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ እንዳይወስድ ስለሚፈለግ፣ ብዙ ኮሌጆች ከተመዘገበበት ክሬዲት 67 በመቶውን እንዲያልፍ ይጠይቃሉ። 12 ክሬዲት ተመዝግቦ ባለ 4 ክሬዲቱን አልጀብራ ያቋረጠ ተማሪ 8 ከ12 ወይም 66.67 በመቶ ይኖረዋል፤ ኮሌጁ የማካካሻ ኮርሶችን በስሌቱ ካካተተ በአንድ ማቋረጥ ብቻ ከመስመሩ በታች ይወርዳል። ከዚህ ሌላ ድጋፉ የሚሸፍነው የማካካሻ ትምህርት በ30 የሴሚስተር ክሬዲት የተወሰነ ነው፤ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ኮርሶች በዚህ ጣሪያ ውስጥ አይገቡም። የማቋረጫው ቀን በኮሌጁ የጊዜ ሰሌዳ ላይ የታተመ ስለሆነ፣ ከዚያ ቀን በፊት ከአማካሪ ጋር የሚደረግ የግማሽ ሰዓት ውይይት የአንድ ዓመት ድጋፍ ሊያተርፍ ይችላል።

ቤተሰብን የሚያስቀይም ደንብም አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የትምህርት መዛግብት ሕግ የመዝገቡን መብት ከወላጅ ወደ ኮሌጅ ተማሪው ያዞራል። አባት ስለ ልጁ ውጤት መምህሩን ደውሎ ቢጠይቅ፣ ክፍያውን የሚከፍለው እርሱ ቢሆንም እንኳ፣ ያለ ልጁ የጽሑፍ ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ መልስ አያገኝም። መምህርና ወላጅ ስለ ተማሪ መመካከራቸው እንደ ግዴታ ከሚታይበት ባህል ለመጣ ሰው ይህ ንቀት ሊመስለው ይችላል። የቢሮ ሰዓቱም እንዲሁ ተቃራኒ ትርጉም ይሰጠዋል፦ መምህርን በቢሮው ማስቸገር ነውር የሚመስለው ተማሪ የተከፈለበትን እርዳታ ሳይጠቀም ይቀራል፤ መምህሩ ደግሞ አለመምጣቱን እንደ ቸልታ ሊቆጥረው ይችላል።

ባለፉት ዓመታት ኮርሱ ራሱ ጥያቄ ላይ ወድቋል። በኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባሉ ሦስት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ሎግ፣ ዋታናቤ ሮዝና ዳግላስ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ሙከራ መነሻ አልጀብራ የሚያስፈልጋቸውን ተማሪዎች በዕጣ በሦስት መደበ። ኮርሱን ብቻ ከወሰዱት 39 በመቶ፣ ከሳምንታዊ የእገዛ ክፍለ ጊዜ ጋር ከወሰዱት 45 በመቶ አለፉ፤ በቀጥታ የኮሌጅ ደረጃ ስታትስቲክስ ከእገዛ ጋር ከወሰዱት ግን 56 በመቶው አልፈዋል። ስታትስቲክስ ከአልጀብራ ይቀላል ወይ የሚለው ክርክር ይቀራል። ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ሙከራው አሳማኝ ቢሆንም፣ ወደ ምህንድስና ለሚያመራው ከእኩልታ ጋር የሚደረገው ትግል መዘግየቱ እንጂ መቅረቱ አይደለም።

ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2017 ባጸደቀችው ኤቢ 705 በተባለው ሕግ፣ ኮሌጆች ተማሪው በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያሸጋግር የሒሳብ ኮርስ ጀምሮ የማጠናቀቅ ዕድሉን ከፍተኛ እንዲያደርጉ ግዴታ ጣለች። ምደባው በሁለተኛ ደረጃ ውጤት እንዲመሠረት፣ ደካማው ተማሪም በኮሌጅ ደረጃው ኮርስ ጎን ለጎን ተጨማሪ የእገዛ ሰዓት እንዲያገኝ ተደረገ። ሕጉ የተማሪው የትምህርት ማስረጃ በማይገኝበት ጊዜ በአማካሪ የሚደገፍ ራስን የመመደብ ሥርዓትን ይፈቅዳል። ማስረጃው በኢትዮጵያ የቀረ አዋቂ ተማሪ የሚወድቀው በዚህ ክፍል ነው፤ መዝገቡ ተፈልጎ፣ ተተርጉሞና ተገምግሞ እስኪደርስ ምዝገባው አይጠብቀውም፤ ስለዚህ የትኛው ኮርስ እንደሚስማማው በመጠይቅ ፊት ተቀምጦ ራሱ ይወስናል። የቀድሞው ፈተና ዝቅ አድርጎ ይመድበው ነበር፤ አሁን ራሱን ዝቅ አድርጎ እንዳይመድብ የሚያግዘው አማካሪው ነው፤ ከእርሱ ጋር የሚደረገውም ውይይት በሁለተኛ ቋንቋው በእንግሊዝኛ ነው።