በጉበት የስብ ክምችት ሕሙማን ላይ የጠባሳን መጠን መለካት

በአልትራሳውንድ የምርመራ ወረቀት ላይ «ጉበቱ ስብ ይታይበታል» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንበብ ዛሬ ለማንኛውም የጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ምርመራው የታዘዘው ብዙ ጊዜ ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ለሐሞት ጠጠር፣ ለኩላሊት፣ ወይም መንስኤው በውል ላልታወቀ የሆድ ሕመም። ሕመምተኛው ቅባት እንዲቀንስና እንዲንቀሳቀስ ተመክሮ ይሸኛል፤ ጉዳዩም በዚያው ይዘጋል። ይሁን እንጂ ከስቡ ይልቅ የሕመምተኛውን ዕጣ የሚወስነው ጥያቄ ገና አልተጠየቀም። ይኸውም ጉበቱ ጠባሳ ይዟል ወይ? ከያዘስ ምን ያህል? የሚለው ነው።

ይህ ሕመም ለብዙ ዓመታት «ከአልኮል ጋር ያልተያያዘ የጉበት ስብ» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የልዩ ልዩ አገሮች የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት ተስማምተው «ከሜታቦሊዝም መዛባት ጋር የተያያዘ የጉበት ስብ ሕመም» ብለውታል፤ ስኳር በሽታ፣ ውፍረት፣ የደም ግፊትና የደም ቅባት መዛባት ከሕመሙ ጋር በቅርብ የተሳሰሩ ናቸውና። በጉበት ሴሎች ውስጥ የተከማቸው ስብ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ብግነት ያስከትላል፤ ብግነቱም ስቴሌት የተባሉትን ሴሎች ቀስቅሶ ኮላጅን እንዲያመርቱ ያደርጋቸዋል። ኮላጅኑ ሲጠራቀም ጠባሳ፣ በሕክምና አጠራሩ ፋይብሮሲስ፣ ይሆናል። አብዛኞቹ ሕሙማን ከፍተኛ ጠባሳ ላይ አይደርሱም። የሚደርሱትን ለይቶ ማወቅ ግን ግድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተሙ የረጅም ጊዜ ክትትል ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በጉበት ናሙና ላይ ከሚታዩት ለውጦች መካከል ከሞት ጋር በጽኑ የተያያዘው የጠባሳው ደረጃ እንጂ የስቡ ብዛት አይደለም።

ደረጃው ከ0 እስከ 4 ይቆጠራል። በደረጃ 1 ጠባሳው በጥቃቅን የደም መተላለፊያዎቹ ዙሪያ ወይም በፖርታል ክፍሉ አካባቢ ብቻ ይገኛል፤ በደረጃ 2 በሁለቱም ቦታ ይታያል፤ በደረጃ 3 ከአንዱ ወደ ሌላው ድልድይ ይዘረጋል፤ ደረጃ 4 ሲሮሲስ ነው። ደረጃ 3ና 4 በአንድነት ከፍተኛ ጠባሳ ይባላሉ።

ናሙናና ጉድለቱ

ደረጃውን ለመወሰን ሌሎች ዘዴዎች ሁሉ የሚመዘኑበት መለኪያ በመርፌ የሚወሰድ የጉበት ናሙና ነው። ነገር ግን ናሙናው ከጠቅላላው ጉበት 50,000 እጅ አንዱን ያህል ብቻ ሲሆን ጠባሳው ደግሞ በእኩል አይሰራጭም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ከ51 ሕሙማን እያንዳንዳቸው በአንድ ጊዜ ሁለት ናሙና ተወስዶ ሲመረመር፣ በ41 በመቶዎቹ ላይ ሁለቱ ናሙናዎች ቢያንስ በአንድ ደረጃ ተለያይተዋል። ሕመሙ፣ አልፎ አልፎ የሚከሰተው መድማት፣ ወጪውና የፓቶሎጂ ባለሙያ እጥረት ሲታከልበት፣ ጉበቱ ስብ ላለው ሰው ሁሉ ናሙና መውሰድ የማይታሰብ ነው። አልትራሳውንድም ቢሆን ስቡን እንጂ ጠባሳውን አያሳይም፤ የጉበቱ ገጽ ሲጎረብጥ ወይም ጣፊያ ሲያብጥ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል፤ ያን ጊዜ ግን ሲሮሲስ ገብቷል።

በወረቀትና በካልኩሌተር

በጤና ጣቢያም ሆነ በወረዳ ሆስፒታል ሊሠራ የሚችለው መለኪያ ፊብ-4 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተቀመረው ኤች.አይ.ቪ.ና ሄፓታይተስ ሲ በአንድነት ለያዛቸው ሕሙማን ሲሆን፣ ኋላ ለጉበት ስብም እንደሚያገለግል ታወቀ። የሚያስፈልገው ዕድሜ፣ ኤ.ኤስ.ቲ.፣ ኤ.ኤል.ቲ.ና የፕላትሌት ቁጥር ነው። ዕድሜ በኤ.ኤስ.ቲ. ይባዛል። ከዚያም የፕላትሌቱ ቁጥር በኤ.ኤል.ቲ. ስኩዌር ሩት ይባዛና የመጀመሪያው ለሁለተኛው ይካፈላል። ፕላትሌት በሺህ ተቆጥሮ ይገባል፤ ወረቀቱ 140,000 ካለ ስሌቱ ውስጥ የሚገባው 140 ነው። ቀላል ነገር ቢመስልም ስሌቱን በተደጋጋሚ የሚያበላሸው ይኸው ነው።

ለአብነት ያህል ስኳር በሽታ ያለባቸው የ58 ዓመት ሴት ቀርበው ኤ.ኤስ.ቲ. 42፣ ኤ.ኤል.ቲ. 36፣ ፕላትሌት 140 ሺህ ሆኖ ተገኘ እንበል። ኤንዛይሞቹ ከመደበኛው ወሰን እምብዛም አልራቁም፤ ብዙ ሐኪም «ጉበትዎ ደህና ነው» ብሎ ሊያሰናብታቸው ይችላል። 58 በ42 ሲባዛ 2,436 ነው። የ36 ስኩዌር ሩት 6 ሲሆን 140 በ6 ሲባዛ 840 ይሆናል። 2,436 ለ840 ሲካፈል 2.9 ይመጣል። ከ1.3 በታች የሆነ ውጤት ከፍተኛ ጠባሳ አለመኖሩን በጥሩ ሁኔታ ያመለክታል፤ ከ2.67 በላይ የሆነ ደግሞ የመኖሩን ዕድል ያጎላል። እኚህ ሴት ኤንዛይማቸው መደበኛ መስሎ ሳለ በአደገኛው ወገን ተመድበዋል ማለት ነው። የኤ.ኤል.ቲ. መደበኛ መሆን ጠባሳ የለም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ጠባሳው እየገፋ ሲሄድ ኤ.ኤል.ቲ. መውረዱ የተለመደ ነው።

ሆኖም የእኚህ ሴት ፕላትሌት በእርግጥ 140 ሺህ ነውን? በኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ብልቃጥ የተቀዳ ደም ውስጥ ፕላትሌቶች አንዳንድ ጊዜ ተጣብቀው ማሽኑ አሳንሶ ይቆጥራቸዋል። የደም ስሚር በማይክሮስኮፕ ታይቶ መጣበቁ ቢረጋገጥ፣ በሲትሬት ብልቃጥ ተቀድቶ ተስተካክሎ ሲቆጠርም 240 ሺህ ቢሆን፣ ውጤቱ ወደ 1.7 ይወርዳል። ይህም ከአደገኛው ወገን ወደ አጠራጣሪው መካከለኛ ክልል መመለስ ነው። ስለሆነም ያልተጠበቀ ዝቅተኛ ፕላትሌት በታየ ጊዜ ሕመምተኛውን ከማስደንገጥ በፊት የላቦራቶሪ ባለሙያውን ስሚሩን እንዲያይ መጠየቅ ይገባል።

ዕድሜ በስሌቱ ውስጥ ከባድ ሚዛን አለው። ይኸው የተስተካከለ ውጤት የ30 ዓመት ሰው ቢሆን ኖሮ 0.9 ገደማ፣ የ70 ዓመት ሰው ቢሆን 2.0 ገደማ ይሆን ነበር። በዚህ ምክንያት ፊብ-4 ከ35 ዓመት በታች ላሉ ሰዎች አያስተማምንም፤ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት ደግሞ የታችኛው ወሰን ከ1.3 ወደ 2.0 ከፍ ይደረጋል።

በኢትዮጵያ ለሚሠራ ባለሙያ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። ፊብ-4 የተፈተነው በአብዛኛው ፕላትሌት በጉበት ሕመም ምክንያት በሚወርድባቸው ሰዎች ላይ ነው። ወባ፣ ካላዛርና ጣፊያን የሚያሳብጥ የአንጀት ብልሃርዝያ ባሉበት አካባቢ ግን ፕላትሌት ከጉበት ስብ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ምክንያት ሊወርድ ይችላል። ብልሃርዝያ በራሱ በፖርታል የደም ሥሮች ዙሪያ ጠባሳ ያስከትላል፤ ይህ ጠባሳ የስብ ጉበት ጠባሳ አይደለም፤ ሕክምናውም ይለያል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ወይም በአጣዳፊ የጉበት ብግነት ወቅት የሚወጣ ፊብ-4ም ትርጉም የለውም፤ ኤንዛይሞቹ እስኪረጋጉ መቆየት ይገባል። ከሁሉ በፊት ግን የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራ መደረግ፣ የጠላና የአረቄ መጠንም በግልጽ መጠየቅ አለበት። ጫትንም መጠየቅ አይከፋም፤ በሐረር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃምን ከሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ጋር አያይዞታል።

የጉበትን ጥንካሬ መለካት

ፊብ-4 1.3ና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው የሚላክበት ሁለተኛው ምርመራ ኢላስቶግራፊ ሲሆን፣ በስፋት የሚታወቀው መሣሪያ ፋይብሮስካን ነው። አሠራሩ ያበጠን ነገር በጣት ነካ አድርጎ ጥንካሬውን ከመገመት አይለይም። በጎድን አጥንቶች መካከል የሚቀመጠው መሣሪያ ትንሽ ንዝረት ይልካል፤ ንዝረቱ በጠነከረ ጉበት ውስጥ በፍጥነት፣ በለስላሳው ውስጥ በዝግታ ይጓዛል። ፍጥነቱ በአልትራሳውንድ ተለክቶ ወደ ኪሎ ፓስካል ይለወጣል። የሚለካው የጉበት ክፍል ከመርፌ ናሙና 100 እጥፍ ያህል ይበልጣል። በስብ ጉበት ሕሙማን ከ8 ኪሎ ፓስካል በታች የሆነ ውጤት ከፍተኛ ጠባሳን ያርቃል፤ ከ12 በላይ የሆነው ያጠረጥራል።

ውጤቱ ግን እንደ አለካኩ ነው። ሕመምተኛው ቢያንስ ለ3 ሰዓት ምግብ ያልቀመሰ መሆን አለበት። 10 ትክክለኛ ልኬቶች ይወሰዳሉ፤ የልኬቶቹ መራራቅ ከመካከለኛው ውጤት 30 በመቶ ካለፈ፣ በተለይ ጥንካሬው ከፍ ባለበት ጊዜ፣ ቁጥሩ አይታመንም። ለወፍራም ሰው ትልቁ መንኪያ ያስፈልጋል። ጥንካሬ ጠባሳ ብቻ አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም። በሪውማቲክ የልብ ሕመም ወይም በነቀርሳ ምክንያት በተጨማደደ የልብ ሽፋን ደም ወደ ኋላ የተጠራቀመበት ጉበት፣ ጠባሳ ሳይኖረውም እንደ ሲሮሲስ ይጠነክራል። ከልኬቱ በፊት የአንገትን ደም ሥር መመልከት ደቂቃ አይፈጅም።

ወሰኖቹ ከሌላ አገርና ከሌላ ሕመም እንደተቀዱ ሳይፈተሹ እንዳይወሰዱ የሄፓታይተስ ቢ ታሪክ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት ኤፕሪ ለተባለው ተመሳሳይ መለኪያ 2.0ን ወሰን አድርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ከኢትዮጵያ የታተመ ጥናት የድርጅቱ መመሪያ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ግማሽ ያህሉን እንደሚያመልጠው አሳየ። በ2024 ድርጅቱ ወሰኑን ወደ 0.5 አውርዶታል።

ኢላስቶግራፊ በማይገኝበት ቦታ ፊብ-4 ከ2.67 በላይ የሆነ ሰው፣ ሐሰተኛ ምክንያቶቹ ከተጣሩ በኋላ፣ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል መላክ አለበት። በመካከለኛው ክልል ያለው ክብደትና ስኳሩ እየተስተካከለ ምርመራው ይደገምለታል። ከ1.3 በታች የሆነውም አይረሳም፤ ስኳር ካለበት በ1 ወይም 2 ዓመት፣ ከሌለበት በ2 ወይም 3 ዓመት ስሌቱ ይደገማል። ከክብደት 10 በመቶ መቀነስ በብዙዎች ላይ ጠባሳውን ሊቀንስ ይችላል። በአሜሪካ ሬስሜቲሮም እ.ኤ.አ. በ2024፣ ሴማግሉታይድ በ2025 ለደረጃ 2ና 3 ሕሙማን ተፈቅደዋል፤ ሁለቱም ሲሮሲስ ለያዘው ሰው አልተፈቀዱም። ሲሮሲስ የተረጋገጠበት ሰው የጉበት ካንሰር እንዳይደበቅ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ይሠራለታል። ጥንካሬው ከ20 ኪሎ ፓስካል በታችና ፕላትሌቱ ከ150 ሺህ በላይ ካልሆነ በቀርም የምግብ ቧንቧው የደም ሥሮች ማበጣቸውና አለማበጣቸው በኢንዶስኮፒ መታየት አለበት።

በሪፈር ወረቀቱ ላይ «የጉበት ስብ» ብቻ ተጽፎ መላኩ ተቀባዩን ሐኪም አይረዳውም። ዕድሜው፣ ሦስቱ የላቦራቶሪ ቁጥሮች የተሠሩበት ቀን፣ የፊብ-4ቱ ውጤት፣ የሄፓታይተስ ምርመራዎቹና የጣፊያው መጠን ቢጻፉ ግን ሁለተኛው ሐኪም ከመጀመሪያው ካቆመበት ይቀጥላል።