የሩቅ ባሕር ዘበኛ፤ የኮሪያ ሪፑብሊክ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ያላት ጥቅምና ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

የአንድ አገር ድንበር በካርታ ላይ በተሰመረው መሥመር የሚያበቃ ይመስላል። በንግድ ዓይን ለሚመለከተው ሰው ግን ድንበሩ የአገሪቱ ዕቃና ነዳጅ እስከሚመላለስበት መንገድ ድረስ የተዘረጋ ነው። ይህ እውነት ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ከታላላቆቹ መንግሥታት ተርታ ባልቆሙት፣ ከታናናሾቹም ጋር በማይቆጠሩት በመካከለኞቹ አገሮች ላይ ነው። ታላቁ መንግሥት በየባሕሩ የጦር መርከብ ያቆማል፤ ታናሹ የሌላውን ጥበቃ ይጠብቃል፤ መካከለኛው ግን ኀይሉ ውስን፣ ጥቅሙ ሰፊ ስለሆነ የት እንደሚሄድና የቱን እንደሚተው መምረጥ ግዴታው ነው። የኮሪያ ሪፑብሊክ ይህን ምርጫ በእኛው ደጃፍ በኤደን ባሕረ ሰላጤ እንዴት እንደፈጸመች ለክቡራን አንባብያን በአጭሩ እናቀርባለን። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለምን እስከዚህ መጣች?

ኮሪያ በመልክዓ ምድር ባሕረ ገብ ምድር ትባል እንጂ በንግድ ረገድ ደሴት ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም። በ1953 የተኩስ ማቆም ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ ሰሜኑ ድንበር ስለተዘጋ፣ የምትሸጠውም ሆነ የምትገዛው ከባድ ዕቃ በሙሉ በባሕር ይመላለሳል። ድፍድፍ ነዳጅ ከምድሯ ስለማይገኝ ከውጭ ታስገባለች፤ አብዛኛውም የሚመጣው ከመካከለኛው ምሥራቅ ነው። ወደ አውሮፓ የምትልካቸው አውቶሞቢሎችና ማሽኖች ደግሞ የኤደንን ባሕረ ሰላጤና ወደ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሰፋውን የባብ ኤል መንደብን ወሽመጥ አልፈው ወደ ስዊዝ ካናል ይገባሉ። ስለዚህ በሶማሊያ የመንግሥት ሥልጣን ከፈረሰ በኋላ በዚያ ጠረፍ የበረከተው የባሕር ወንበዴ፣ ሴኡል ላለው ፋብሪካ የሩቅ ወሬ አልነበረም።

በ2008 የባሕር ወንበዴዎች አደጋ ከመቶ በላይ በሆነ ጊዜ፣ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በሰኔ ወር በውሳኔ ቁጥር 1816 መንግሥታት ወንበዴዎችን በሶማሊያ የባሕር ክልል ጭምር እንዲያሳድዱ ፈቀደ። የኮሪያ ብሔራዊ ሸንጎም በመጋቢት 2009 የጦር መርከብ ወደ ሩቅ ባሕር እንዲላክ ወሰነ። የተላከው ክፍል አንድ አውዳሚ የጦር መርከብ፣ አንድ ሄሊኮፕተርና የልዩ ኀይል ወታደሮች ያሉበት ሆኖ በጠቅላላው 300 ያህል ሰው ይዞ ነበር። በየስድስት ወሩ ገደማ ሌላ መርከብ ይተካዋል።

ስሙን «ቾንግሄ» አሉት። በ828 ጃንግ ቦጎ የተባለው ነጋዴና የባሕር ጦር አዛዥ ወንበዴዎችን ለመምታትና የንግድ መንገድን ለማስከበር በዋንዶ ደሴት ላይ ያቆመው ሰፈር ቾንግሄጂን ይባል ነበርና፣ ስሙ የተወሰደው ከዚያ ነው። ንግድንና ዘብን አንድ እጅ ይዟቸው የነበረበትን ዘመን ለማስታወስ የተመረጠ ስም መሆኑ ግልጽ ነው።

ሁለት መርከቦች፣ ሁለት መንገዶች

በሚያዝያ 2010 ከኢራቅ ነዳጅ ጭኖ ወደ አሜሪካ የሚሄደው «ሳምሆ ድሪም» የተባለው ታላቅ መርከብ ከ24 መርከበኞቹ ጋር ተያዘ። መርከቡ የተለቀቀው ከሰባት ወር በኋላ፣ ወደ 9 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የሚገመት ቤዛ ተከፍሎ ነው። ወንበዴ ገንዘቡን ካገኘ ለሚቀጥለው ዘመቻ ጀልባና መሣሪያ ይገዛበታልና፣ የአንዱ መርከብ ቤዛ ለሌላው መርከብ ወጥመድ ሆነ።

በጥር 2011 የዚያው ኩባንያ ንብረት የሆነው «ሳምሆ ጁወልሪ» የተባለው የኬሚካል መርከብ 21 ሰዎችን እንደያዘ በአረብ ባሕር ተማረከ። ከመርከበኞቹ 8ቱ ኮሪያውያን፣ 11ዱ የምያንማር፣ 2ቱ የኢንዶኔዥያ ተወላጆች ነበሩ። በዚህ ጊዜ የኮሪያ መንግሥት ቤዛ ከመክፈል ይልቅ በኀይል ለማስለቀቅ ቆረጠ። የመጀመሪያው ሙከራ ሦስት ወታደሮች ቆስለው ሳይሳካ ቀረ፤ ጥር 21 ቀን ንጋት ላይ ግን ወታደሮቹ መርከቡ ላይ ወጥተው 8 ወንበዴዎች ሲገድሉ 5ቱን ማረኩ። ሃያ አንዱም መርከበኞች በሕይወት ተገኙ። ካፒቴኑ ሶክ ሄ ክዩን ግን መርከቡ ወደ ሶማሊያ እንዳይደርስ ጉዞውን በዘዴ ሲያዘገይ ቆይቶ ስለነበር ወንበዴዎቹ ብዙ ጥይት ተኩሰውበታል፤ ከብዙ ሕክምና በኋላ ዳነ። የተማረኩት ቡሳን ላይ ለፍርድ ቀርበው አንደኛው የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

ይሁን እንጂ ለመርከብ ባለቤት ከዚህም የበለጠ ትምህርት የሰጠው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የሆነው ነው። «ሃንጂን ቲያንጂን» የተባለው የኮንቴይነር መርከብ ወንበዴዎች ሲወጡበት 20ዎቹ መርከበኞች ሞተሩን አጥፍተው አስቀድሞ በተዘጋጀ ጠንካራ ክፍል ውስጥ ተዘግተው ቆዩ። ወንበዴዎቹ መርከቡን የሚነዳላቸው ሰው ስላጡ ትተውት ሄዱ፤ የቾንግሄ ወታደሮች ደርሰው ሁሉንም በደኅና አወጧቸው። አንድ የብረት በር አስቀድሞ መግጠም ከሚሊዮኖች ቤዛ ይልቅ ርካሽ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ሒሳብ አያስፈልግም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ዘመቻው የአንድ አገር ሥራ ብቻ አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረት፣ የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አገሮች፣ ሕንድ፣ ቻይና፣ ጃፓንና ሌሎችም መርከብ ልከዋል፤ ኮሪያም 151ኛውን የጋራ የባሕር ግብረ ኀይል በተራዋ በአዛዥነት መርታለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። የዓለም አቀፉ የባሕር ቢሮ እንደመዘገበው፣ የሶማሊያ ወንበዴዎች አደጋ በ2011 237፣ በ2012 75፣ በ2013 ደግሞ 15 ብቻ ሆነ።

የመካከለኛ አገር ችግር

ጥቅምን ለመጠበቅ ሩቅ መሄድ አዲስ ጠላት የሚያፈራበት ጊዜ መኖሩን ኮሪያ በቶሎ ተረድታለች። በ2020 መጀመሪያ አሜሪካ በሆርሙዝ ወሽመጥ ለሚደረገው ጥበቃ ወዳጆቿን ስትጋብዝ፣ ሴኡል ጥምሩን ሳትቀላቀል የቾንግሄን የሥራ ክልል እስከ ሆርሙዝ በራሷ ሥልጣን አሰፋች። በዚህ አሠራር ከአሜሪካ ጋር ያላትን ቃል ኪዳንም፣ ከኢራን ጋር ያላትን ግንኙነትም ለመጠበቅ አስባ ነበር።

ዘዴው ግን ሁሉን አላዳነም። በጥር 2021 ኢራን «ሃንኩክ ኬሚ» የተባለውን የኮሪያ መርከብ ባሕር በክሏል በማለት ያዘች። በዚያን ጊዜ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን የኢራን ገንዘብ በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት በኮሪያ ባንኮች ታግዶ ነበር፤ ቴህራን ሁለቱ ነገሮች አይገናኙም ብትልም ብዙ ሰው ያገናኛቸዋል። መርከቡ የተለቀቀው በሚያዝያ ወር በንግግር እንጂ በመድፍ አይደለም። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ደግሞ ያልተከተቡት የቾንግሄ መርከበኞች በኮቪድ ተያዙ፤ ከ301 ሰዎች 272ቱ ስለታመሙ ሁሉም በአውሮፕላን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከአገር ርቆ የሚቆም ሠራዊት መድኃኒቱም ስንቁም አብሮት ካልተጓዘ በጠላት ሳይመታ ሊወድቅ እንደሚችል ታየ።

ለእኛ ነጋዴዎች የሚገኘው ትምህርት

ኢትዮጵያና ኮሪያ በዘመቻ የተዋወቁ አገሮች ናቸው። በ1951 የቃኘው ሻለቃ በጅቡቲ ወደብ ተሳፍሮ ወደ ኮሪያ ሲዘምት የኤደንን ባሕረ ሰላጤ አቋርጧል፤ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያንም በዚያ ጦርነት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። ዛሬ ደግሞ የኮሪያ መርከቦች የጠበቁት መንገድ አብዛኛው የአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ የሚያልፍበት የጅቡቲ መንገድ ነው። ስለዚህ የኮሪያን ጉዳይ የሌላ ሰው ጉዳይ ብሎ ማለፍ አይገባም።

ከኅዳር 2023 ጀምሮ የየመን ሑቲዎች በቀይ ባሕር የንግድ መርከቦችን ሲመቱ፣ ብዙ ኩባንያዎች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ በኩል ሲዞሩ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን የሚሆን ጉዞ ተጨመረባቸው። ብዙ የጦር መርከቦች በአካባቢው እያሉ እንኳ በመጋቢት 2024 «ትሩ ኮንፊደንስ» በተባለው መርከብ ላይ ሦስት መርከበኞች ተገደሉ። ከዚህ የምንረዳው፣ የባሕር ዘብ መንገዱን ለጊዜው ሊያስከብር ቢችልም የየብሱን ሁከት ሊያበርድ አለመቻሉን ነው። በጠረፉ ላይ የሚፈርድ ዳኛና ሥራ ያለው ወጣት እስካልኖረ ድረስ ወንበዴነት በሌላ ስም ተመልሶ ይመጣል።

ነጋዴው በበኩሉ ሊያደርገው የሚገባ ነገር አለ። ተራው የባሕር ኢንሹራንስ የጦርነትን አደጋ አይሸፍንምና የጦርነት ዋስትና በውሉ ላይ ለብቻው መጻፉን ያረጋግጥ። ይህም ዋስትና ብዙውን ጊዜ በሰባት ቀን ማስጠንቀቂያ ሊሰረዝ እንደሚችል አይርሳ። መርከቡ ዞሮ ሲሄድ የሚጨመረውን ኪራይ ገዢ ይክፈል ወይስ ሻጭ የሚለው አስቀድሞ በውል ይወሰን፤ የሌተር ኦፍ ክሬዲቱም ቀነ ገደብ ለመዘግየት ቦታ የተወለት ይሁን። መርከብ ተይዞ ቤዛ የተከፈለ እንደሆነም በእንግሊዝ ሕግ ወጪው ለጋራ ደኅንነት እንደወጣ ተቆጥሮ በባለ ጭነቱም ላይ ሊከፋፈል ይችላል። ይህን ያላወቀ ነጋዴ ዕቃዬ ተለቀቀልኝ ብሎ ደስ ሲለው ሒሳቡ ይመጣበታል።

ኮሪያ አንድ የጦር መርከብ ስትልክ ጥቅሟን ለክታ፣ በሸንጎዋ አስፈቅዳ፣ ከሌሎች ጋር ተባብራ ነው። እኛም ዕቃችንን ወደዚያው ባሕር ስንሰድ ሥጋቱን ለክተን፣ ውላችንን መርምረን፣ ከባንክና ከኢንሹራንስ ጋር አስቀድመን ተነጋግረን መሆን ይገባናል።