ሰማንያ አምስት፦ የሚዛን ተፈሪ አየርና የቱርቦው ሴንሰር

(ድምፅ፦ ዝናብ በቆርቆሮ ጣራ ላይ። የጫነ ፒክአፕ አቀበት ይወጣል፤ ሞተሩ ጉልበት እየከዳው ይሄዳል።)

ተራኪ፦ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በበበቃና በቴፒ እርሻዎች፣ በሸኮም ጫካ ጥላ ሥር በሚገኙት የገበሬ ጓሮዎች፣ ቡናው ቀልቶ በሚለቀምበት ወራት፣ እሸቱ በተለቀመበት ዕለት ከመፈልፈያው ጣቢያ ካልደረሰ በጆንያው ውስጥ መብላላት ጀምሮ ጣዕሙ የሚበላሽ ስለ ሆነ፣ የገበሬው የዓመት ድካም ዋጋ ማግኘቱና ማጣቱ በጭቃማው አቀበት ላይ በሚያቃስት በአንድ የዲዝል ሞተር እስትንፋስ ላይ ይወድቃል። ክቡራን አድማጮቻችን፣ ዛሬ የምንመረምረው ይህን እስትንፋስ፣ ይልቁንም የእስትንፋሱን መጠን ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚያስታውቀውን ትንሽ ዕቃ፣ የቱርቦውን የግፊት ሴንሰር ነው።

ነዳጅ ያለ አየር አይነድም፤ አየሩም ምድር ከፍ ባለ መጠን እየሳሳ ይሄዳል። ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ እ.ኤ.አ. በ1905 ባስመዘገበው፣ ዛሬ ቱርቦ በምንለው ፈጠራ፣ ከሞተር ወጥቶ በከንቱ ይባክን የነበረውን የጭስ ኃይል ለሥራ አውሎ አየርን እያመቀ ወደ ሞተሩ እንዲነፋ ያሰበ ሲሆን፣ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1918 የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ከሚገኘው ከፓይክስ ፒክ ተራራ ራስ፣ ከባሕር ወለል 4,300 ሜትር ያህል ከፍ ካለ ስፍራ ላይ አውጥቶ፣ ሞተር በሳሳ አየር ውስጥ የሚያጣውን ጉልበት ቱርቦ እንደሚመልስለት በፈተና አረጋገጠ። ይህ ጥበብ ለእኛ ለተራራማ አገር ሰዎች ከማንም ይልቅ የቀረበ ጥበብ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህም ጠባዩን ጠንቅቀን ልናውቀው ይገባናል።

(ድምፅ፦ ጋራዥ። የብረት መሣሪያ ይንኳኳል።)

ተራኪ፦ ሹፌር ወደ ጋራዥ ገብቶ አቤቱታውን ሲያቀርብ «ጋሼ፣ መኪናው አልስብ አለኝ፤ የሞተሩ መብራት በርቷል፤ አቀበት ላይ ቱርቦው አይነፋም» ይላል። ልምድ ያለው መካኒክም ስካነሩን ከመሰካቱ አስቀድሞ «ጭሱ ጥቁር ነው ወይ ልጄ? ነዳጅ ስትረግጥስ ያፏጫል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ጥቁር ጭስ ነዳጁ የሚበቃውን አየር ማጣቱን፣ ፉጨት ደግሞ የታመቀው አየር በተሰነጠቀ ቱቦ ወይም በላላ ፋሼታ በኩል ማምለጡን ስለሚያመለክቱ፣ ይህ አጭር ጥያቄ ከምርመራው እኩሌታውን ያህል ይሠራል።

ከዚህ በኋላ ስካነሩ ኮዱን ያወጣል፤ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚፈስሰውም በዚህ ሰዓት ነው። ፒ0237 ወይም ፒ0238 የሚል ኮድ፣ ከሴንሰሩ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ምልክት ከተወሰነለት መጠን በታች ወርዷል ወይም በላይ ወጥቷል ማለት ሲሆን፣ ፒ0299 ግን የተነፋው አየር ከሚገባው አነሰ ይላል እንጂ ሴንሰሩን አይከስስም። በዚህ ጊዜ ሴንሰሩ በዳኛ ፊት ቆሞ ያየውን የሚናገር ምስክር ነው፤ ክፉ ወሬ ስላመጣ ብቻ ምስክሩን አስወጥቶ ሌላ ምስክር በውድ ዋጋ ከአዲስ አበባ ቢያስመጡ፣ አዲሱም ያንኑ ቃል ይደግመዋል።

የምስክሩን ቃል ለመፈተን ግን እጅግ ቀላል መንገድ አለ። ቁልፉን ከፍተው፣ ሞተሩን ሳያስነሡ፣ ሴንሰሩ የሚለውን ቁጥር በስካነሩ ላይ ማንበብ ነው። ይህ ሴንሰር በአብዛኛው ግፊትን የሚቈጥረው ፍጹም አየር ከሌለበት ባዶነት ጀምሮ ስለ ሆነ፣ ሞተሩ ባልተነሣ ጊዜ ሊያሳይ የሚገባው በዚያ ስፍራ ያለውን የከባቢ አየር ግፊት ነው። በባሕር ዳርቻ ይህ ቁጥር 101 ኪሎፓስካል ነው፤ የውጭ አገር የጥገና መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሱትም ይህንኑ ነው። ሚዛን ተፈሪ ግን በ1,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ቁጥሩ 85 አካባቢ ይሆናል፤ ዝቅ ባለችው በቴፒ ወደ 88 ይጠጋል፤ በአዲስ አበባ 76 ገደማ ነው። እንግዲህ መጽሐፉን ብቻ አምኖ 85ን እንደ ጉድለት የሚቈጥር መካኒክ በጤነኛው ሴንሰር ላይ ይፈርዳል፤ በሚዛን ቆሞ 101 የሚያሳየውን ሴንሰር ግን፣ ሐሰተኛው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ በነጻ ያሰናብታል። እያንዳንዱ ጋራዥ የከተማውን ቁጥር በግድግዳው ላይ ጽፎ ቢያኖር ከወጪው የሚያድነውን ገንዘብ ሳስብ ይህ ነገር በአገሪቱ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲነገር እመኛለሁ።

ቁጥሩ ከስፍራው ጋር ካልተስማማ ወደ ሽቦው ይኬዳል። በብዙ መኪኖች ወደ ሴንሰሩ ሦስት ሽቦዎች ይገባሉ፤ አንዱ ከኮምፒውተሩ 5 ቮልት ያመጣል፤ ሁለተኛው ኔጋቲቭ ነው፤ ሦስተኛው ምልክቱን ይመልሳል። 5 ቮልቱ ከጠፋ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከሴንሰሩ በፊት ነው። ዝናብ አብዛኛውን ወራት በማይለየው በዚህ አገር እርጥበት በሶኬቱ ውስጥ ገብቶ የመዳብ ጫፎቹን አረንጓዴ ዝገት ያለብሳቸዋል፤ በቡና መጋዘን አጠገብ ባደረ መኪና ላይ ደግሞ አይጥ የበላው ሽቦ ይገኛል። ሴንሰሩ ግፊቱን በቀጭን የጎማ ቱቦ በሚቀበልባቸው ሞዴሎች ቱቦው ተሰንጥቆ ወይም በጥላሸትና በዘይት ተደፍኖ እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል።

(ድምፅ፦ ሞተር ይነሣል። መኪናው ወደ ጎዳናው ይወጣል።)

ተራኪ፦ ኮዱ ከተሰረዘ በኋላ መኪናው ጭነቱን እንደ ያዘ አቀበቱን እንዲወጣ ይደረግና፣ ረዳቱ ስካነሩን በጭኑ ላይ አኑሮ ኮምፒውተሩ የጠየቀውን ግፊትና ሴንሰሩ ያገኘውን ግፊት ጎን ለጎን ይመለከታል። ሁለቱ አብረው እየወጡ፣ በብዙ ቱርቦ ዲዝሎች በሙሉ ጉልበት እንደሚታየው፣ ወደ 200 ኪሎፓስካል አካባቢ ከተጠጉ ሹፌሩ ወደ መፈልፈያው ጣቢያ ጉዞውን ይቀጥላል። የተገኘው ከተጠየቀው ወደ ኋላ ከቀረ ግን፣ የሴንሰሩ ቃል እውነት ሆኖ ስለ ተገኘ፣ መካኒኩ ኮፈኑን እንደገና ከፍቶ ወደ ቱርቦው ክንፎችና ወደ መቆጣጠሪያው ዘንግ ይወርዳል።