ለአያት የተነሳ የከዋክብት ፎቶ

ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ባለፈው ጥር ጥምቀትን ለማክበር ደብረ ብርሃን አካባቢ ወደሚገኘው የእናቴ ቤት ስንሄድ ከአጎቷ የተዋሰችውን ካሜራ ይዛ ነበር። እናቴ በወጣትነቷ አጥቢያ ኮከብ አይታ ውኃ ልትቀዳ የምትነሳ ሴት ነበረች። አሁን ግን ዓይኗ ስለደከመ ቀና ብትል ጨለማ ብቻ ነው የሚታያት። ልጄም፣ “እማማ፣ እኔ በፎቶ አሳይሻለሁ” ብላ ቃል ገባችላት።

ምድር በ24 ሰዓት አንዴ በራሷ ዛቢያ ስለምትዞር ከዋክብት በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ የሚጓዙ ይመስላሉ። ካሜራው ሳይነቃነቅ ሰማዩን ደጋግሞ ካነሳ ይህ ጉዞ የብርሃን መስመር ይሆናል።

አንድ ፎቶ ለአንድ ሰዓት ከፍቶ መተው ይቻላል፤ ነገር ግን ሰማዩ ይነጣል፣ ምስሉም በነጠብጣብ ይሞላል። የሚሻለው 30 ሰከንድ የሚፈጁ 120 ፎቶዎችን በተከታታይ አንስቶ በኮምፒውተር መደራረብ ነው። ስታርስታክስን የመሰለ ነፃ ፕሮግራም በእያንዳንዷ የምስል ነጥብ ላይ ከሁሉም ፎቶዎች ይበልጥ ብሩህ የሆነውን ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ሰማዩ ጥቁር እንደሆነ ይቆያል፤ ኮከቡ ያለፈበት መንገድ ግን ይቀጣጠላል። መኪና መብራት ቢያበራ እንኳ የሚበላሸው አንዱ ፎቶ ነው፤ በዚያ ፎቶ ላይ መብራቱ ያረፈበትን ቦታ ብቻ ጥቁር ቀብቶ መቀጠል ይቻላል።

ካሜራውን በትሪፖድ አቆምነው። ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፈትን፣ አይ ኤስ ኦውን 1600 አደረግን፤ አውቶ ፎከሱን አጥፍተን በአንድ ደማቅ ኮከብ ላይ በእጅ አስተካከልን። ፊቱን ወደ ሰሜን አዞርነው። በአገራችን የሰሜን ኮከብ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ከአድማሱ ከፍታው 10 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም ክንድን ዘርግቶ ጡጫን እንደመጨበጥ ነው። በመሆኑም ሌሎቹ ከዋክብት በዙሪያው ከሞላ ጎደል ግማሽ ክብ ይሠራሉ። ወደ ምሥራቅ ያዞረ ሰው ደግሞ ቀጥ ብለው ሽቅብ የሚወጡ መስመሮችን ያገኛል።

የመጀመሪያው ሌሊት አልተሳካም። መስመሮቹ ተቆራርጠው ወጡ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ካሜራው ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ነጠብጣቡን ለማጥራት ሌላ 30 ሰከንድ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲቆይ የሚያደርገውን ማስተካከያ ሳላጠፋ ቀርቼ ነው። በዚያ መሀል ከዋክብቱ ይጓዛሉ፤ ክፍተቱም መስመሩን ይበጥሰዋል። ልጄ ልታለቅስ ደረሰች። እናቴ ስክሪኑን ተጠግታ አየችና፣ “የቀሚስ ስፌት ይመስላል፤ ምን አለው?” አለች።

በማግስቱ ያንን አጥፍተን በፎቶዎቹ መካከል አንድ ሰከንድ ብቻ እንዲሆን አደረግን። ባትሪው ሙሉ መሆኑን አረጋገጥን፤ ብርዱ ቶሎ ስለሚጨርሰው ትርፍ ባትሪ ኪሳችን ውስጥ አሞቅን። ጨረቃ አልነበረችም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ሦስታችንም ጋቢ ተከናንበን ደጅ ተቀመጥን። ካሜራው ቀጭ ሲል እንሰማለን፤ ሌላ የሚሠራ ነገር የለም። በዚያች ሰዓት እናቴ ስለ ጎረምሶቹ፣ ስለ ምንጩ፣ ለጅብ ሲባል በዘፈን ስለሚኬድበት መንገድ አወራች። ልጄ ስልኳን አንዴም አላወጣችም።

ይህን የሚሞክር ወላጅ ውድ ካሜራ አያስፈልገውም። ብዙ ስልኮች ሰዓቱን ራስዎ የሚወስኑበት ፕሮ የሚባል ክፍል አላቸው፤ ስልኩን በድንጋይ ደግፎ በሰዓት ቆጣሪ ማስነሳት ይቻላል። ዋናው ከከተማ መብራት መራቅና ልጅን አብሮ ማስመሸት ነው።

ፎቶውን በቴሌቪዥኑ ላይ ከፈትነው። መስመሮቹ ወፍራምና ያልተቆራረጡ ነበሩ። እናቴ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ በጣቷ አንዱን ተከተለች፤ ከዚያም ለልጄ፣ “ይኼ ይታየኛል” አለቻት።